የኡሙልኸይር ጋቢ

አቃቂ በሰቃ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከእኔ ግቢ ጋር አንድ የቆርቆሮ አጥር የሚጋራ ቤት አለ። የኡሙልኸይር ቤት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ተጎራብተናል። ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ስለምታንስ «አንቺ» እላታለሁ፤ እሷ «ጋሽ ወልዴ» ትለኛለች። ወልደገብርኤል ብላ ሙሉ ስሜን ከጠራችኝ አንድ ነገር ጠርጥራኛለች ማለት ነው።

ኡሙልኸይር የማትጠረጥረው ነገር አልነበረም። ሥራዋ ጆንያ መጠገን ነው። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ በወስፌና በሲባጎ ትሰፋለች። ጆንያ ሲሰጧት መጀመሪያ ገልብጣ ታራግፈዋለች፤ ታሸተዋለች፤ ከዚያ ያመጣውን ሰው ፊት ትመለከታለች።

«ይሄን አይጥ አልበላውም። በምላጭ ነው። ማን ነው የቀደደብህ?»

አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ግን ቤቱ ሄዶ ሠራተኛውን ሲመረምር ይውላል። ጎረቤት ምግብ ሲልክላት በምስጋና ትቀበላለች፤ ሳህኑንም አጥባ ትመልሳለች፤ ስትበላው ግን ማንም አይቶ አያውቅም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በጾም የላከችው ምግብ የት እንደገባ ሳታውቅ ሞተች።

«እኔንም ትጠረጥረኛለች ማለት ነው?» ትለኝ ነበር።

«አንቺን ብቻ መሰለሽ?» እላት ነበር።

ከኡሙልኸይር አልጋ እግርጌ በሁለት ቁልፍ የሚቆለፍ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። በውስጡ እናቷ ፈትላ ከወረኢሉ የላከችላት ጋቢ ይቀመጣል። በየእጥፋቱ መካከል ናፍታሊን ትጨምርበታለች፤ ያን ከሱቅ የሚገዛውን፣ ብል የሚያባርረውን ነጭ ድብልብል። ሰው ሁለት ሦስት ፍሬ ሲበቃው እሷ በእፍኝ ነበር የምታደርገው። «ለብሉ ብቻ አይደለም፤ ሳጥኑን ሰው ቢከፍተው ሽታው ይነግረኛል» ትላለች። ለቅሶ ቤት ስትገባ፣ ጀርባችንን ሰጥተን ብንቀመጥ እንኳ መምጣቷን እናውቅ ነበር።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣ የነገረችኝ አንድ ክረምት፣ ወፍጮ ቤቱ ታዛ ሥር ዝናብ ይዞን ቆመን ሳለ ነው። ወረኢሉ ሙህሲን የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራት። እሷ አሥር፣ እሱ አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነበር። በጥቅምት፣ ባቄላው ሲያሽት፣ አንዲት ጎረቤታቸው ሁለቱንም ከማሳዋ አስገብታ እሸት አበላቻቸው። በማግስቱ የሙህሲን ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ እንደ ቡና አተላ ጠቆረ። በሦስተኛው ቀን ቀበሩት።

«እኔም ከዚያው ማሳ በልቻለሁ» አለችኝ። «ምንም አልሆንኩም። ስለዚህ ባቄላው አይደለም። ለእሱ ለብቻው የሰጠችው ነገር ነበር። በእጇ እየፈለፈለች ስታጎርሰው በዓይኔ አይቻለሁ።»

ከዚያን ቀን በኋላ ሁለቱ ቤቶች አንዱ የአንዱን ሠርግ አልበላም፤ አንዱ የአንዱን ሬሳ አልሸኘም። ኡሙልኸይርም ሲዘጋጅ ያላየችውን ምግብ ላትቀምስ ለራሷ ቃል ገባች። ይህን ቃል ይዛ ከባሏ ከሙሀመድአወል ጋር አቃቂ መጣች። እሱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ መንገድ ላይ ሞተ። የቀረቻት አንዲት ልጅ ሀኒፋ ናት።

ሀኒፋ ሙዓዊያ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር አገባች። ሳሪስ ከእናቱ ከላጢፋ ጋር ይኖራሉ። ላጢፋ ልብስ ነጋዴ ናት፤ ድምፅዋ ከሦስት ሱቅ በላይ ይሰማል። የሀኒፋ የመጀመሪያ ልጅ ወንድ ነበር። በኡሙልኸይር እናት ቤት ልማድ፣ ሕፃን ከተወለደበት ወደ ቤቱ ሲገባ የሚጠቀለለው በአያቱ ጋቢ ነው። ኡሙልኸይር ሁለቱን ቁልፎች ከፍታ፣ ጋቢውን አውጥታ፣ በገዛ እጇ ጠቀለለችው። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ቢጫ ሆነ። የጠዋት ፀሐይ አሞቁት። በስድስተኛው ቀን ሞተ።

ኡሙልኸይር «ላጢፋ ሳላያት አንድ ነገር አቅምሳዋለች» አለች። ላጢፋ ደግሞ «የሴትየዋ ዓይን ከባድ ነው፤ ልጁን ስታየው አላያችሁም?» አለች። በአንድ ለቅሶ ቤት፣ በሁለት ጥግ ተቀምጠው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፈርሃት ተወለደች። በዚያው ጋቢ፣ በዚያው እጅ ተጠቀለለች፤ ጉንጯ እስኪነፋ ወፈረች። ያኔ ሁሉም ሰው ጋቢው ንጹሕ ነው አለ። የላጢፋ ጥርጣሬ ግን አልቀነሰም፤ ይልቁንም ተሳለ። ሀኒፋ በየዋህነቷ የሙህሲንን ታሪክ ለባሏ ነግራው ነበርና፣ ላጢፋ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። «ወንድሟ። ባሏ። የልጇ ልጅ። ሴት አትነካም፤ የምትበላው ወንድ ነው።»

አምና ሀኒፋ ለሦስተኛ ጊዜ ስትፀንስ ሙዓዊያ ራሱ አቃቂ ድረስ መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ በአክብሮት፣ «እማማ፣ እስከ አርባ ቀን ባይመጡ ይሻላል» አላት። ኡሙልኸይር ወስፌዋን ሳታቆም «እሺ» አለችው። እሱ ከሄደ በኋላ ያን ጆንያ ፈትታ እንደገና ሰፋችው። ሙሉ በሙሉ አጣማው ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት በአጥሩ ላይ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ወልደገብርኤል!»

ሙሉ ስሜን ስለጠራች ምን አጠፋሁ ብዬ ወጣሁ።

«ወንድ ነው» አለችኝ። ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም።

«እንኳን ደስ አለሽ!»

«ቀስ ይበሉ፤ ሰው ይሰማል። ትናንት ነው የወለደችው። ዛሬ ቤቷ ትገባለች።» በአጥሩ ላይ አንድ ፌስታል አሻገረችልኝ። ሳልከፍተው ከሽታው ጋቢው መሆኑን አወቅሁ። «ያድርሱልኝ። እርስዎን በር ላይ አይመልሱም።»

«ከማን ነው ልበል?»

«ከራስዎ።»

«በሰባ ስምንት ዓመቴ ውሸት ልታስተምሪኝ ነው?»

«እንግዲያው ምንም አይበሉ። ዝም ማለት እንደሆነ ያውቁበታል።»

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት መስኮቱን ከፈተች። «አባቴ፣ ያ ፌስታል ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ። «ጋቢ ነው» አልኳት። «ማንን የገነዙበት?» አለች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ላጢፋ በሩን በግማሽ ከፈተች። መጀመሪያ እኔን ሳይሆን ከትከሻዬ ኋላ ያለውን መንገድ፣ ግራና ቀኙን አየች።

«ጋሼ፣ ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ሻይ ልታፈላልኝ ስትገባ ፌስታሉን ለሀኒፋ ሰጠኋት። ፊቷን ጋቢው ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። «እናቴ መጣች» አለች። ወዲያው ሕፃኑን ጠቀለለችው። ላጢፋ ሻዩን ይዛ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን አነሳች።

«ይሄ ሽታ ምንድን ነው?»

«ጋሽ ወልዴ ያመጡት ጋቢ ነው» አለች ሀኒፋ።

ላጢፋ አየችኝ። እኔ ሻዬን ጠጣሁ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ዛሬ እንደዚያ አላስብም።

ቅዳሜ ከሰዓት አይሱዙው ኡሙልኸይር በር ላይ ቆመ። ሙዓዊያ ወረደ። በአንድ እጁ ጋቢውን በእንጨት ጫፍ አንጠልጥሏል፤ በሌላው ትንሽ የናፍጣ ጀሪካን ይዟል። እስከዚያን ቀን እርስዎ ይላት የነበረው ሰው በመንደሩ ፊት አንቺ አላት።

«ልጄ ሆስፒታል ገብቷል! ሰም መስሏል! የማን ጋቢ እንደሆነ ሀኒፋ ተናግራለች! ይሄን መተትሽን እዚሁ በርሽ ላይ ነው የማነደው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎም ጋሼ! ሽማግሌ ናቸው ብለን በራችንን ከፍተን!»

ኡሙልኸይር ዘላ ጀሪካኑን ያዘችው።

«ልታቃጥለው? ማስረጃውን ልታጠፋ? ጋቢው ከሳጥኔ ሲወጣ ንጹሕ ነበር! እናትህ ቤት ሦስት ቀን አድሯል! ምን እንደቀባችበት ሐኪም ይየው!»

«እናቴን ነው?»

«እናትህን!»

ሙዓዊያ ጀሪካኑን ለቀቀ። «እሺ! ሐኪም ይየው! ማን እንደሚያፍር አብረን እናያለን!»

እንዲህ ሆነና ሁለቱም አንዱ ሌላውን ለማጋለጥ ሲል ጋቢው ከእሳት ተርፎ ፌስታል ውስጥ ገባ። በአይሱዙው ጋቢና መካከላቸው ተቀምጬ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን።

ሕፃናት ክፍል ኮሪደር ላይ ላጢፋ ቆማ ነበር። ኡሙልኸይርን ስታይ ጮኸች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ፤ መተት፣ መርዝ፣ ዓይን። ዶክተር ዮዲ የምትባል ቀጭን ወጣት ሐኪም ከክፍሉ ወጣች።

«አንድ ሰው ብቻ ያውራ!»

ሙዓዊያ ፌስታሉን ሰጣት። «መርዝ አለበት ወይስ የለበትም? እሱን ብቻ ንገሪን።»

ሐኪሟ ፌስታሉን ከፈተች፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ጭንቅላቷን መለሰች። ፊቷ ተለወጠ።

«ሕፃኑን በዚህ ጠቅልላችሁት ነበር?»

«ሦስት ቀን ሙሉ!» አለች ላጢፋ። «አላልኳችሁም?»

«ናፍታሊኑ ስንት ፍሬ ነበር?»

«እፍኝ» አለች ኡሙልኸይር። «ለብል ነው። ናፍታሊን ደግሞ ምን ያደርጋል?»

ሐኪሟ አልመለሰችላትም። ወደ ውስጥ ተጣርታ፣ ልጁ የለበሰው ሁሉ እንዲወልቅና ገላው እንዲታጠብ አዘዘች። ከዚያ ዞራ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦

«በእናትየው ወገን፣ ባቄላ በልቶ ወይም መድኃኒት ወስዶ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ወንድ ነበረ?»

መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር። መናገር ያለባት ኡሙልኸይር ነበረች። እሷ ግን ላጢፋን ነበር የምታየው። ነበረ ካለች፣ በባላጋራዋ እጅ ላይ የሙህሲንን ስም መልሳ ማስቀመጧ ነው፤ ከዚህ በኋላ የልጅ ልጇን ደጃፍ አትረግጥም። የለም ካለች ደግሞ ይህች ሐኪም የምትፈልገውን አታገኝም።

«እማማ፣ የልጁ ደም እየፈረሰ ነው። ጊዜ የለኝም።»

«ነበረ» አለች ኡሙልኸይር። «ወንድሜ ነው። ሙህሲን። ባቄላ እሸት በላ፤ ሽንቱ እንደ ቡና አተላ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሀኒፋ የወለደችው የመጀመሪያው ልጅም እንዲሁ ቢጫ ሆኖ ነው የሞተው። እሱንም በዚህ ጋቢ ጠቅልዬው ነበር።»

ላጢፋ አፏን ከፈተች። ሐኪሟ ግን «ጎሽ እማማ» ብላ እየሮጠች ገባች።

ልጁን ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኙት። ደሙንም በሌላ ደም ቀየሩለት። እኛ አግዳሚ ወንበር ላይ በተርታ ተቀመጥን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሐኪሟ መጥታ «ደህና ነው፤ ግን ገና ነው» አለችና እግሯን ለማሳረፍ አጠገባችን ተቀመጠች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ፣ በምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መሠረተ ትምህርት ነው። ዘግይቼ ስለጀመርኩ ያልገባኝን ነገር አልፌ መሄድ አልወድም። ደጋግሜ ጠየቅኋት፤ እሷም ሳትሰለች መለሰችልኝ። እንደገባኝ እጽፋለሁ።

ሰው ከእናት ከአባቱ የሚወርሰው መመሪያ በሰውነቱ ውስጥ አለ። እያንዳንዱን መመሪያ ጂን ይሉታል። ጂን ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ይናገራል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ሥራውን ይሠራል። የእነ ሀኒፋ ነገር ጂ ስድስት ፒዲ ከሚባለው ጂን ነው። ፕሮቲኑም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ሥራውም ቀይ የደም ሕዋስን ከውስጥ ቃጠሎ መጠበቅ ነው።

እኔ ሃያ ሰባት ዓመት የሠራሁት ጨርቅ በሚነጣበት ክፍል ነው። ጨርቁን የምናነጣው በፐርኦክሳይድ ነበር። ያ ፈሳሽ ጨርቁ ላይ ከቆየ ክሩን ይበላዋል፤ ጨርቁ ላየው ሰው ነጭና ሙሉ ነው፤ ሲስቡት ግን ይተረተራል። ስለዚህ በሰዓቱ ማብረጃ የሚጨምር አንድ ሠራተኛ ነበር። ሰውየው ካልቀረ በስተቀር መኖሩን ማንም አያስታውስም። ይኸው ፐርኦክሳይድ በደማችንም ውስጥ እንደሚፈጠር ሐኪሟ ስትነግረኝ ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ጂ ስድስት ፒዲ ከስኳር ጉልበት እየወሰደ የደሙ ማብረጃ እንዳያልቅ የሚያደርግ ነው። ፕሮቲኑ ደካማ የሆነበት ሰው በደህናው ቀን ባለችው ትንሽ ማብረጃ ይኖራል። ባቄላ፣ አንዳንድ የወባ መድኃኒት፣ ወይም የናፍታሊን ሽታ ሲገባበት ግን ቃጠሎው ይበዛል፤ ማብረጃው ያልቃል፤ የደም ሕዋሱ ይፈርሳል። ከፈረሰው ደም የሚወጣው ነው ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው፣ ሽንትን የሚያጠቁረው።

«ታዲያ ለምን ወንድ ብቻ?» አለች ላጢፋ፤ ሌባ እንደያዘ ሰው ጣቷን ቀስራ።

«ይህ መመሪያ ያለበት ክፍል ለሴት ሁለት ነው፤ ለወንድ አንድ» አለች ሐኪሟ። «ሴት አንዱ ቢበላሽ በሌላው አብዛኛውን ጊዜ ትድናለች። ወንድ ምትክ የለውም። እናት ጤነኛ ሆና ለልጇ ታስተላልፋለች።»

«ስለዚህ ፈርሃት...» አለ ሙዓዊያ።

«ስለዚህ ባቄላው ነበር» አለች ኡሙልኸይር።

ለማናችንም አልነበረም የተናገረችው። ከዚያው ማሳ በልታ እሷ የተረፈችበትን ምክንያት ከሃምሳ ዓመት በላይ አንድ ሴት ላይ ጭና ኖራለች።

«ወንድምዎን መርምሬ ማረጋገጥ አልችልም» አለች ሐኪሟ። «የልጁም ቢሆን አሁን ደሙ ተቀይሯል፤ ምርመራው ያሳስታል። ከሦስት ወር በኋላ እናየዋለን።»

«እንግዲያው ከሦስት ወር በኋላ አምናለሁ» አለች ላጢፋ ተነሥታ። «ጂንም በይው ናፍታሊን፣ የመጣው ከእሷ ነው።»

«አዎ፣ ከእሳቸው ሳይሆን አይቀርም» አለች ሐኪሟ። «እሳቸው ግን መርጠው አልሰጡትም። እርስዎም ለልጅዎ የሰጡትን አያውቁም።»

ልጁ በአሥረኛው ቀን ቤቱ ገባ። ስሙን ሙንታሲር አሉት። ኡሙልኸይር ግን ሦስቱን ወር አላየችውም። ሳጥኑን አጥባ ፀሐይ ላይ ገልብጣ አሰጣችው። ጋቢውን ደጋግማ አጥባ አጥራችን ላይ ሰቀለችው፤ ሳምንታት ሙሉ እዚያው ነበር። አንድ ቀን ወረቀት ይዛ መጣች።

«ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ወደ ወረኢሉ። እሸት ያበላችን ሴትዮ ሞታለች፤ ልጇ አለ።»

የነገረችኝን እንዳለ ጻፍኩ፦ «እናትህ ወንድሜን አልገደለችውም። ይህን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። ስሟን ሳጠፋ ኖሬአለሁ። ኡሙልኸይር።» አነበብኩላት።

«ይድገሙት።»

ደገምኩት።

«አለዝበውታል እንዴ?»

«አንድ ቃል አልነካሁም።»

አላመነችኝም። ወፍጮ ቤቱ ወስዳ ለሌላ ሰው አስነበበችውና ላከችው። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።

ሦስት ወር ሲሞላ ሙዓዊያ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የምርመራው ወረቀት ወጥቷል። እናቴ እርስዎ ካላነበቡት አላምንም ብላለች። እማማንም ይዘዋቸው ይምጡ።» አንቺ ያለው አፍ እሳቸው ሲል ሰማሁ።

ሳሪስ ደረስን። ወረቀቱን በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። የሙንታሲር ጂ ስድስት ፒዲ ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው፤ የሀኒፋ መካከለኛ ነው። ከሥሩ የተከለከለው ተጽፏል፦ ባቄላ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የወባ መድኃኒት፣ ናፍታሊን። የምታጠባ እናትም ባቄላ አትብላ።

ላጢፋ ሰማችኝ። በሩን ግን አልለቀቀችም። ወደ ኡሙልኸይር ቀረበችና የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ አሸተተችው። ትከሻዋን አሸተተች። ሻሿን አሸተተች። ኡሙልኸይር ፍተሻ ላይ እንደቆመ ሰው ሁለት እጇን ከፍ አደረገች። ያቺ ሴት እንዲህ ስትሆን አይቼ አላውቅም።

«ሳሙና ነው» አለች ላጢፋ።

«ሳሙና ነው።»

«የምን ሳሙና?»

«የልብስ።»

በሩ ተከፈተ። ኡሙልኸይር ግን ሳትቀመጥ በቀጥታ ወደ ማድ ቤት አየች።

«ሽሮው የምንድን ነው?»

«የሽንብራ» አለች ላጢፋ።

«ባቄላ ያልተቀላቀለበት?»

«ወላሂ!»

«መሐላሽን ተይውና ዱቄቱን አምጪው።»

ላጢፋ ዕቃውን አመጣች። ኡሙልኸይር በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች፤ በሰው ቤት አንድ ነገር ስትቀምስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። እሺ እንደማለት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሀኒፋ ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

ከዚያ ላጢፋ ልጁን አምጥታ በኡሙልኸይር ጭን ላይ አስቀመጠችው። እሷም ሩቅ አልሄደችም፤ ጉልበታቸው እስኪነካካ በርጩማዋን አስጠግታ፣ ዓይኗን ከሴትየዋ እጅ ሳትነቅል ተቀመጠች። ሙንታሲር አያቱን አየ። የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠና ወደ አፉ ወሰደው።

ሁለቱም ሴቶች እኩል ዘለው ከአፉ ነጠቁት።